ክላሲካል በሚለው ፎልደር ውስጥ ማን አለ?

ከስታዲየም ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ አለ። መስታወቱ ላይ የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል። ዋናው ሥራ ግን ከውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ፍላሽ ላይ ዘፈን መጫን። የሚኒባስ ሾፌሮች፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚያነሱ ልጆች፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚመለሱ ነጋዴዎች እየመጡ ያስጭናሉ። ባለፈው ሳምንት ልጁ የእኔን ፍላሽ ሲሰካ አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን አየሁት። ፎልደሮቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፦ የሰርግ፣ የጉዞ፣ የድሮ፣ አዲስ የወጡ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራግኛ፣ የወሎ፣ የጎጃም፣ የበዓል፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ሬጌ፣ የፈረንጅ፣ ክላሲካል።

«ጋሼ፣ ከየትኛው ላድርግልዎት?» አለኝ።

ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። ያን ቀን ጠዋት ስለ ሙዚቃ ሽልማት ስንጨቃጨቅ ነበር የዋልነው።

የሽልማት ሰሞን ሲመጣ በዚህ ከተማ የሚነሳው ክርክር ያው ነው። እገሌ ሲገባው ተቀማ፤ እገሊት በድምፅዋ ሳይሆን በተከታዮቿ ብዛት ነው ያሸነፈችው፤ ዳኞቹ ጓደኞቹ ናቸው። ክርክሩን አልጠላውም፤ እኔም ገብቼበት ድምፄ እስኪዘጋ የጮህኩበት ጊዜ አለ። የሚገርመኝ ግን ጭቅጭቃችን ሁሉ በአሸናፊው ላይ መሆኑ ነው። የአሸናፊው ስም ከፖስታው ከመውጣቱ ከወራት በፊት አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የዘርፎቹን ስም ጽፏል። ማን ከማን ጋር እንደሚወዳደር፣ ማንስ ጭራሽ ከውድድሩ ውጪ እንደሚቀር የተወሰነው ያኔ ነው። ስለዚያ ወረቀት ግን ማንም ሲከራከር አልሰማሁም።

ነገሩ በትልቁ መድረክ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ከአሜሪካው የሙዚቃ ሽልማት፣ ከግራሚ ልጀምር፤ የምጠቅሳቸው የግራሚ ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1959 የመጀመሪያው ግራሚ ሲሰጥ ዘርፎቹ 28 ነበሩ። እየተጨመረ፣ እየተከፈለ ሄዶ 109 ሲደርሱ አዘጋጁ አካዳሚ በ2011 መቀስ አነሳና ወደ 78 አወረዳቸው። ከተቆረጡት አንዱ የላቲን ጃዝ ነበር። ሙዚቀኞቹ ዝም አላሉም፤ ተሰልፈው፣ ተሟግተው በዓመቱ ዘርፋቸውን አስመለሱ። በ2025 ዝግጅት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ተመልሶ 94 ደርሷል። ሙዚቃው በየዓመቱ የሚጠብና የሚሰፋ ሆኖ አይደለም። የሚጠበውና የሚሰፋው የአዘጋጆቹ ስሌት ነው፤ ደጅ የሚጠናውና የሚጮኸው ሰው ብዛትም ስሌቱ ውስጥ ይገባል።

ከእነዚህ የሚጨመሩና የሚሰረዙ ዘርፎች መካከል ለእኛ የሚቀርብ አንድ አለ። በ2009 ሁለት የኢትዮጵያ ልጆች፣ ዋይና ወንድወሰን እና ኬና ዘመድኩን፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ዘርፍ እጩ ሆነው ቀረቡ። ሁለቱም አላሸነፉም። የዘርፉ ስም ግን ልብ ይባል፦ «ኧርባን/ኦልተርኔቲቭ»። በእኛ ቃል ብንመልሰው «ከተሜ ወይም ሌላ» እንደ ማለት ነው። ድምፃቸው ለፖፕም ለአር ኤንድ ቢም ለሮክም ልክ ስላልመጣ በዚህ ተቀመጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘርፉ በዚያው መቀስ ተቆረጠ። ከዚያ አቤል ተስፋዬ መጣ፤ ዓለም ዘ ዊክንድ ብሎ የሚያውቀው፣ ቶሮንቶ ተወልዶ በአያቱ ቤት አማርኛ እየሰማ ያደገው ልጅ። በ2016ም በ2018ም የምርጥ አልበም ዋንጫ ወሰደ፤ ሁለቱም «የዘመኑ ኧርባን» በሚባል ዘርፍ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ «ከተሜ» የሚለው ቃል ስለ ከተማ አያወራም፤ ጥቁር ለማለት የተፈለገ እንደሆነ አፍ እንዳይከብድ የሚጠራበት ስም ነው። አንድ ታዋቂ ራፐር በ2020 ዋንጫውን ተቀብሎ በወጣበት ሌሊት ይህንኑ በግልጽ ተናገረ፤ በዚያው ዓመት አዘጋጆቹ «ኧርባን» የሚለውን ቃል ከአልበሙ ዘርፍ ስም አነሱት። እንግዲህ ግራሚ ደጃፍ ከደረሱት የሀበሻ ልጆች ሦስቱን ብንቆጥር ሦስቱም በዚያች በአንዲት ቃል በኩል ነው የገቡት። አጋጣሚ ነው የሚል ይኖራል። እኔ አይመስለኝም።

አቤል በ2021 ዓመቱን ሙሉ ዓለም ሲዘፍንለት የከረመ አልበም ይዞ በአንድም ዘርፍ እጩ ሳይሆን ቀረ። ከእንግዲህ ሥራዬን ለውድድር አላቀርብም ብሎ ተለያቸው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አካዳሚው እጩዎችን በዝግ የሚያጣሩትን ኮሚቴዎች በአብዛኛው አፈረሰ። በጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ በተካሄደው ዝግጅት ላይ ተመልሶ መድረክ ላይ ሲታይ እዚህ በየቤቱ ነግቶ ነበር፤ ቪዲዮውን ቁርስ ላይ ነው ያየነው።

ያቺ ሌሊት ግን ከሁሉ በላይ የምትታወሰው በቢዮንሴ ነው። «ካውቦይ ካርተር» በሚለው ሥራዋ የዓመቱን አልበም ወሰደች፤ በካንትሪ ዘርፍም አሸነፈች፤ የካንትሪ አልበም ዋንጫ ለጥቁር ሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ካንትሪ የገጠር ነጭ አሜሪካዊ ሙዚቃ ተብሎ የታጠረ ነው። የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበሩ የራሱ ዓመታዊ ሽልማት ይህንኑ አልበም በአንድም ዘርፍ እጩ አላደረገውም። ስሟ ሲጠራ በመገረም የቀረው የቢዮንሴ ፊት ዓለምን ዞሯል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አላየውም። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ አካዳሚው የካንትሪ አልበም ዘርፍን ለሁለት ከፈለው፦ «ዘመናዊ ካንትሪ» እና «ባህላዊ ካንትሪ»። ዘርፉን የመክፈል ሐሳብ ቀድሞም የነበረ ነው ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። ግን እንግዳ ሰው ሳሎን ገብቶ በተቀመጠ ማግስት ቤቱ መሃል ግድግዳ ሲገነባ ያየ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም።

ዘመናዊና ባህላዊ። እነዚህን ሁለት ቃላት ይዘን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ የእኛም ሙዚቃ በእነዚሁ ነው የተከፈለው።

«ዘመናዊ» የሚለው ከየት መጣ? ታሪኩ ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ካመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ይጀምራል። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት፣ ሙዚቃውን መራ። ክብር ዘበኛው፣ ፖሊስ ሠራዊቱ፣ ጦር ሠራዊቱ የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ፤ ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወጥቶ ክብር ዘበኛ የገባው በዚያ ዘመን ነው። መለከትና ሳክስፎን ካለ ዘመናዊ ነው፤ መሰንቆና ክራር ከሆነ ባህላዊ። መለያው የመሣሪያው ጉዳይ ነበር። ለዚያ ዘመን ትርጉም ነበረው፤ አንዱ ደመወዝተኛ ነው፣ ዩኒፎርም ለብሶ ኖታ ያነባል፤ ሌላው አዝማሪ ነው፣ ጠጅ ቤት ገብቶ ከሰው ፊት ግጥም ይነጥቃል።

ዛሬስ? ካዛንቺስ የነበሩት የአዝማሪ ቤቶች በመልሶ ማልማቱ ከሰፈሩ ጋር ፈርሰዋል። የመሰንቆው ድምፅ ከኪቦርድ ይወጣል፤ ኪቦርዱም ከላፕቶፕ። አሁን በቪዲዮ ክሊፕ ላይ አንድ ዘፈን ባህላዊ መሆኑ የሚታወቀው በልብሱ ነው። ዘፋኟ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ከኋላዋ ስምንት ተወዛዋዦች ከሣሩ ላይ ከተሰለፉ ባህላዊ ነው። ያንኑ ዜማ፣ በዚያው ከበሮ፣ ጂንስ ለብሳ ከመኪና ላይ ብትዘፍነው ዘመናዊ ይሆናል። ስቀልድ አይደለም፤ ክሊፖቹን ድምፅ አጥፍታችሁ እዩአቸው።

የልብሱስ ይሁን። የከፋው «ባህላዊ» የሚለው ቃል በውስጡ የሚያጭቀው ነው። የዶርዜዎች እርስ በርሱ የሚጠላለፍ የብዙ ድምፅ ዝማሬ፣ የደራሼ ፊላ አንድ ሰው አንዲት ድምፅ ብቻ እየነፋ በጋራ ዜማ የሚሠራበት፣ የኦሮሞ ጌራርሳ፣ የሶማሌ ዳንቶ፣ የትግራይ ከበሮ፣ የጉራጌ ጭፈራ፣ የወሎ ትዝታ፤ ሁሉም አንድ መሳቢያ ውስጥ። የጌራርሳ ጀግንነትና የዶርዜ ዝማሬ የሚገናኙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘርፉን ከጻፈው ሰው ሰፈር አለመሆናቸው። አሜሪካኖች ከእነሱ ውጪ ያለውን ምድር ሁሉ «የዓለም ሙዚቃ» ብለው ሲያጭቁ እንቆጣለን፤ በ2020 ስሙን ቀይረው ሌላ የዓለም ቃል ሲተኩበትም ስቀናል። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠን «ባህላዊ» ስንል የምናደርገው ያንኑ ነው። የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በ2017 እ.ኤ.አ. ከቢልቦርድ ዝርዝር አናት ላይ ሲወጣ የወጣበት ሰንጠረዥ «የዓለም አልበሞች» የሚለው ነበር። ያን ጊዜ በደስታ ያጨበጨብነው ሰዎች ሰንጠረዡ ለምን የተለየ ሆነ ብለን አልጠየቅንም።

አንዳንድ ወዳጆቼ መፍትሔው በቅኝት መከፋፈል ነው ይላሉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ። ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ቅኝት የዘፈን ዓይነት አይደለም፤ የድምፆች ቤት ነው። ያው ባቲ ለሰርግም ለሐዘንም ይሆናል፤ «የዓመቱ ምርጥ ባቲ» ማለት በፒያኖ ቤት «የዓመቱ ምርጥ ሲ ማይነር» እንደ ማለት ነው። ለዚያውም አራቱ ቅኝቶች የሀገሪቱን ሙዚቃ ሁሉ አይሸፍኑም፤ ይሸፍናሉ ማለት የባህላዊውን መሳቢያ በሌላ ቁልፍ መቆለፍ ነው።

እዚህ ላይ የፍላሽ ጫኙ ልጅ ፎልደሮች ትዝ ይሉኛል። የእሱ አከፋፈል በድምፅ አይደለም፤ ሰው ዘፈኑን ምን ሊያደርግበት እንደፈለገ ነው። የሰርግ፣ የጉዞ፣ የበዓል። አባቶቻችንም እንዲሁ ነበር የሚከፍሉት፤ ቀረርቶና ፉከራ ለጦር፣ ሙሾ ለሞተ፣ ሆያ ሆዬ ለቡሄ፣ አበባየሆሽ ለእንቁጣጣሽ፣ እንጉርጉሮ ለብቻ። አንድ ዜማ መቼና ለምን እንደሚዘፈን ሳይታወቅ ስም አይወጣለትም ነበር። አልበም የሚያወጡትም ይህን ያውቁታል፤ ስንት ድምፃዊ ነው ሥራውን ጨርሶ «ለፋሲካ ይድረስ» ብሎ የሚያቆየው? ሽልማቱ ግን ይህን አከፋፈል አያውቀውም።

ወደ መድረኮቻችን እንምጣ። በሸገር ኤፍ ኤም የሚተላለፈው የለዛ ፕሮግራም የሚያዘጋጀው የአድማጮች ምርጫ ሽልማት ከተማው ውስጥ ከሚጠበቁት አንዱ ነው። የዓመቱ አልበም፣ ነጠላ ዜማ፣ አዲስ ድምፃዊ፣ የሙዚቃ ቪዲዮ ይላል፤ ፊልምና ተዋናዮችንም ይጨምራል። የሬጌ፣ የጃዝ፣ የሂፕ ሆፕ እያለ አይከፍልም። ይህን ብዙ ሰው እንደ ድክመት ያየዋል፤ «ገና አላደግንም» ይላል። እኔ በተቃራኒው ነኝ። ሬጌ የሚዘፍኑ አራት ሰዎች ባሉበት ዓመት የሬጌ ዘርፍ መክፈት አራቱን በተራ መሸለም ነው። የአድማጭ ምርጫም ሐቀኛ ነው፤ ሕዝቡ የወደደውን ይናገራል፤ የተሻለውን አውቃለሁ ብሎ አይነሳም። ችግሩ የሚመጣው ድምፅ ለመስጠት ስልክ የያዘውን፣ ፕሮግራሙን በአማርኛ የሚሰማውን፣ የመጨረሻውን ወር ሥራ የሚያስታውሰውን ሰው ምርጫ «የኢትዮጵያ ምርጥ» ብለን ስንጠራው ነው። መስከረም ላይ የወጣ አልበም ነሐሴ ላይ ከወጣው ጋር ሲወዳደር ግማሽ መንገድ ተቀድሞ ነው የሚነሳው።

ግራሚ ይህን በተቃራኒው ይፈታዋል። ድምፅ የሚሰጡት ሙዚቀኞቹ፣ ደራሲዎቹና የድምፅ ባለሙያዎቹ ናቸው። አንድ አባል ከጠቅላላዎቹ ስድስት ዋና ዋና ዘርፎች ውጪ ከሦስት የማይበልጡ የሙዚቃ መስኮችን መርጦ በድምሩ በ10 ዘርፎች ብቻ ነው ድምፅ የሚሰጠው፤ ስለማያውቀው ሙዚቃ እንዳይፈርድ ነው። የመላው አፍሪካ የሙዚቃ ሽልማት የሆነው አፍሪማ ደግሞ ከአፍሪካ ኅብረት ጋር ተባብሮ የሚሠራ ስለሆነ መንገዱ የኅብረቱ ነው፤ አህጉሩን ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ፣ መካከለኛ ብሎ ይከፍላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ቤቲ ጂ ከዚያ መድረክ ተሸልማ ተመልሳለች። በዚያ አከፋፈል ግን የእኛ ሰው ከኬንያና ከታንዛኒያ ጋር በአንድ ሳጥን ይገባል፤ በሙዚቃ ከእነሱ ብንርቅም።

የሚያሳስበኝ ዘርፍ ሌላ ነው፤ እስከ ዛሬ በቅጡ ያልተከፈተው። ግራሚ ላይ «የዓመቱ ሪከርድ» እና «የዓመቱ ዘፈን» የሚባሉ ሁለት ዋንጫዎች አሉ። ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። የመጀመሪያው ለተቀዳው ሥራ ነው፤ ለድምፃዊው፣ ለፕሮዲውሰሩና ለድምፅ መሐንዲሶቹ ይሰጣል። ሁለተኛው ለደራሲው ነው፤ ግጥሙንና ዜማውን ለጻፈው ሰው። ኬንድሪክ ላማር በ2025 በአንድ ዘፈን ሁለቱንም ወስዷል፤ ጽፎም ዘፍኖም ስለነበር። በእኛ ሀገር ግን ይህ ልዩነት የሙዚቃው አጥንት ነው። የካሴት ሽፋን ያገላበጠ ሁሉ ያውቀዋል፦ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ሦስቱም ከድምፃዊው የተለዩ ሰዎች ናቸው ብዙ ጊዜ። ይልማ ገብረአብ የጻፋቸውን ግጥሞች፣ አበበ መለሰ የደረሳቸውን ዜማዎች ስንቱ በሌሎች አፍ ነው የሰማው? ኤልያስ መልካ በ2012 ዓ.ም. ሲያርፍ ሕዝቡ ያለቀሰው ከእዮብ መኮንንና ከዘሪቱ ድምፅ ጀርባ የነበረውን እጅ ዘግይቶ ስላወቀ ነበር።

ሕጉ እንኳ ከመድረኩ ቀድሟል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን ለብቻ፣ ከዋኙን ለብቻ፣ የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩን ለብቻ ቆጥሮ መብታቸውን ለይቷል፤ የደራሲው መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል ይላል። አዋጁ የለያቸውን ሦስት ሰዎች ሽልማቱ አንድ ያደርጋቸውና ዋንጫውን ለፊት ይሰጣል። የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ዋንጫ በየዓመቱ፣ በአድማጭ ስልክ ሳይሆን በሙያው ሰዎች ዳኝነት ቢሰጥ፣ ለሬጌና ለጃዝ መሳቢያ ከመሥራት ይልቅ የሙዚቃችንን ትክክለኛ ቅርጽ ያሳያል። የዶርዜውም የወሎውም የኦሮሞውም ሰው በዚያ በኩል ያለ ልብሱ መግባት ይችላል፤ ዜማ ዜማ ነውና።

መዝሙርና መንዙማስ ይላሉ። በዚህች ከተማ ከዘፈን እኩል፣ ምናልባትም በላይ የሚሰማው እሱ ነው። ግራሚ የወንጌል ዝማሬ ዘርፎች አሉት። እዚህ ግን በገና ደርዳሪን ከዘፋኝ ጋር ቀይ ምንጣፍ ላይ የሚያሰልፍ ሰው አይገኝም፤ ደርዳሪውም አይመጣም። ይህ አጥር የአዘጋጅ ሥራ አይደለም፣ የባለቤቶቹ ነው፤ ስለዚህ አልነካውም።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ልጁን «ክላሲካል» የሚለውን ፎልደር ክፈትልኝ አልኩት። ውስጡ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን አለ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ሙዚቃውን አፍሮም፣ ላቲንም፣ ሶልም ብሎ የሰየመ፣ በኋላም የሚገባበት ሳጥን ሲያጣ ኢትዮ ጃዝ ብሎ የራሱን የሠራ ሰው። ከሱ ሥር የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ፣ ከዚያ የዋሽንት ሶሎ፣ ከዚያ የአንድ የህንድ ፊልም ማጀቢያ፣ ከዚያ ስሙን ያላወቅኩት የክራር ጨዋታ።

«ይሄ ሁሉ እንዴት ክላሲካል ሆነ?» አልኩት።

«ሰው የማይዘፍንበት ሁሉ ክላሲካል ነው፣ ጋሼ» አለኝ፤ እንደ ቀላል ነገር። ሙሉውን ፎልደር ወደ ፍላሼ ጎትቶ ለቀቀው። አረንጓዴዋ መስመር ግማሽ ድረስ ሄዳ ቆመች።

«ሞልቷል» አለ ስክሪኑን እያየ። «ከየትኛው ላጥፋልዎት?»